ውጤቱን ይዘን ተመለስን፦ ከሞጆ እስከ ሻላ የስድስት ቀን ማስታወሻ

ቀን 1፣ ሰኞ። አዲስ አበባ፣ ሞጆ፣ ቆቃ

መጀመሪያ ስለ ጥርሴ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ጉዞ ለኔ የጀመረው እዛ ነው። የተወለድኩት መቂ አካባቢ ነው፣ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቼ ነው ያደግኩት፣ የፊት ጥርሶቼ ላይ ቡናማ መስመር አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ቀን ዶርም ውስጥ ከደጋ የመጣች ልጅ "ጫት ትቅሚያለሽ እንዴ?" አለችኝ፣ ከዛ ቀን በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን አፌ ላይ ሳላደርግ ስቄ አላውቅም። ቆሻሻ እንዳልሆነ፣ በቡሩሽ እንደማይለቅ፣ ውሃው ውስጥ ያለ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሰራ እያለ እንደሚያበላሸው ያወቅኩት ሶስተኛ ዓመት ላይ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። እስከዛ ድረስ ማንም አልነገረኝም። አሁን ስራዬ ውሃ መለካት ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጣን፣ አራት ነን፣ እኔ፣ ሀይድሮጂኦሎጂ (የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት) የሚማር ልጅ፣ አንዲት የጥርስ ሀኪም እና ሾፌራችን። ከኋላ ሁለት ካርቶን የፕላስቲክ ጠርሙስ ጭነናል (ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለማይስማማ ናሙናው በፕላስቲክ ነው የሚያዘው)፣ መለኪያው በሳጥኑ አለ፣ እና አንድ ሰማያዊ ክላሰር። ክላሰሩ ውስጥ አምና የለካናቸው ጉድጓዶች ውጤት አለ። ይሄን ጉዞ ከሌላው ጊዜ የሚለየው እሱ ነው። አምና ልንሰናበት ስንል አንድ አባት "ደም ወስዶ ውጤት የማይነግር ሀኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናንተ እንደዛ ናችሁ፣ ሁልጊዜ ውሃችንን በጠርሙስ ትወስዳላችሁ ከዛ የለም" አሉን። ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ፣ ግራፍ ሆኖ፣ ፈረንጅ ሀገር ስብሰባ ላይ ሁሉ ቀርቦ የውሃው ባለቤት ጋ ግን አልደረሰም።

ሞጆ ላይ የቆዳ ሽታው ይቀበላችኋል። ፋብሪካዎቹ ቆዳ የሚያለፉት ክሮም በሚባል ኬሚካል ነው፣ የሞጆ ወንዝ ደግሞ መጨረሻው የቆቃ ግድብ ሀይቅ ነው፣ የከተማው ፍሳሽና የእርሻው ማዳበሪያም እዛው ነው የሚጠራቀመው። ግድቡ ከተሰራ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ በ1952 ዓ.ም ነው ያለቀው። ዳር ላይ ወርደን ስናይ ውሃው ወፍራም አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ማይክሮሲስቲስ የሚባል በአይን የማይታይ ነገር በዝቶ ነው እንደዛ የሚሆነው፣ የሚያመነጨው መርዝ ጉበት ነው የሚጎዳው። አንዲት ልጅ አረንጓዴውን በእጇ ገፋ ገፋ አድርጋ ከስሩ ጀሪካኗን ሞላች። አፍልታችሁ ነው የምትጠጡት ስላት "አዎ እናቴ ታፈላዋለች" አለችኝ። እዚህ ጋ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ሁላችንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው አንድ ነገር ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚል ነው፣ ለተቅማጥ እውነት ነው፣ ያድናል። ይሄ መርዝ ግን በማፍላት አይጠፋም። ፍሎራይድ ደግሞ ይባስ ብሎ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እሱ ድስቱ ውስጥ ቀርቶ ይወፍራል። ስለዚህ ያቺ እናት በማገዶ ተቃጥላ፣ ጭስ ውጣ፣ ልጆቼን አዳንኩ ብላ የምትሰጣቸው ውሃ ከነችግሩ ነው።

የቆቃው ቢያንስ ይታያል፣ ይሸታል። ከነገ ጀምሮ የምናየው ውሃ ግን እንደ መስታወት ነው የሚጠራው።

ቀን 2፣ ማክሰኞ። ወንጂ

የፍሎራይድ ነገር በኢትዮጵያ ሲነሳ ወንጂ አይቀርም። ፋብሪካው ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነው፣ የሆላንዶቹ ኩባንያ ኤችቪኤ ያቋቋመው ማለት ነው፣ ከከምባታ ከሀዲያ ከወላይታ ብዙ ሰው ለአገዳ ቆረጣ መጣ። ለመጠጥ ጉድጓድ ተቆፈረ። ያኔ ይሄ እድገት ነበር፣ እውነትም ነው፣ ጭቃ የሆነ የአዋሽ ውሃ ከመጠጣት ቧንቧ ከፍቶ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት። ከዛ እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ አካባቢ ሀኪሞች ከዚህ ሰፈር የሚመጡ ወገባቸው የጎበጠ፣ አንገታቸው አልዞር ያለ፣ እግራቸው እየሰነፈ የሚሄድ ሰራተኞች ማየት ጀመሩ። ከዓመታት ብዛት አጥንቱ እየወፈረ፣ ጅማቱ እየጠነከረ፣ መጨረሻ ላይ አከርካሪው ውስጥ ያለውን ነርቭ ይጫነዋል። የነርቭ ሀኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በዚህ ላይ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ሰርተዋል፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት የሀገሪቱ የፍሎራይድ ስርጭት ጥናት ዛሬም ድረስ የምንጠቀምበት ነው፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከተለኩት ውሃዎች ወደ 40 ፐርሰንት ገደማ የሚሆኑት ከልክ በላይ ሆነው ነው የተገኙት። ልኩ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ነው፣ በሊትር 1.5 ሚሊግራም።

በሰው በኩል አንድ ጡረታ የወጡ አገዳ ቆራጭ ቤት ገባን። ጋሼ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ናቸው። እኔ በቀኛቸው፣ ጥርስ ሀኪሟ በግራቸው ተቀመጥን፣ እሳቸው ከአንዳችን ወደ ሌላችን ማየት ሲፈልጉ አንገታቸውን አያዞሩም፣ በሁለት እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይዘው ከወገባቸው ጀምሮ መላ ሰውነታቸውን ነው የሚያዞሩት። ሶስት አራቴ እንደዛ ካደረጉ በኋላ ሀኪሟ ቀስ ብላ ተነስታ እኔ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። እሳቸውም ገባቸው፣ "ተባረኪ" አሉ። "ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ካሰርኩ 20 ዓመት አለፈኝ፣ ልጅ ልጄ ናት የምታስርልኝ።" ውሃውን ስጠይቃቸው ምን አሉ መሰላችሁ፣ "ውሃውማ ጥሩ ነበር፣ እንደሱ የሚጣፍጥ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።"

ጨው የለው፣ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ምን ብለው ይጠርጥሩ?

ወንጂ ላይ አክቲቬትድ አሉሚና በሚባል ነገር ፍሎራይዱን የሚያጣሩ ፕላንቶች ተተክለው እንደነበር ጽሁፍ ላይ አለ። ለጋሼ ግን አልደረሰላቸውም፣ አጥንት ውስጥ የገባ ፍሎራይድ በአንድ ቀን አይወጣም።

ቀን 3፣ ረቡዕ። መቂ አካባቢ

ይሄን ቀን ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው።

መንገድ ዳር እነዛን ነጫጭ ቀላል ድንጋዮች የሚቆፍሩበት ቦታ ጋ ቆምን። ሀይድሮጂኦሎጂ የሚማረው ልጅ አንዱን አንስቶ ሰጠኝ፣ ስፖንጅ ነው የሚመስለው፣ እጅ ላይ አይከብድም። "ነገሩ በሙሉ እዚህ ድንጋይ ውስጥ ነው ያለው" አለኝ። እሳተ ገሞራ የተፋው አለትና አመድ ውስጥ ፍሎራይድ አለ፣ ውሃው ስር ለስር ሲሄድ ያጥበዋል። ደጋ ላይ ያለ ውሃ ካልሲየም ስላለው ፍሎራይዱን ይዞ ወደ ድንጋይነት ይመልሰዋል፣ እዚህ ግን ውሃው አለቱ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ካልሲየሙን እየሰጠ ሶዲየም ይቀበላል፣ ያዥ ሲያጣ ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በጥልቀት በቆፈርክ ቁጥር ብዙ ጊዜ ውሃው አሮጌና ሙቅ ነው፣ ፍሎራይዱም ይጨምራል። ማለቴ ገንዘብ አውጥተን፣ የመቆፈሪያ ማሽን አስመጥተን፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ሪባን ቆርጠን የሰጠነው ውሃ ነው ችግሩን ያመጣው። ባንግላዴሽ ውስጥ ከተቅማጥ ለማዳን ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠር ጉድጓድ ተቆፍሮ በኋላ አርሴኒክ እንደተገኘበት ማለት ነው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ግን አለመለካት ጥፋት ነው፣ ለክቶ አለመናገር ደግሞ የባሰ።

መንደሩ ደረስን (ስሙን አልጽፍም፣ ልጆቹ ለጋብቻም ለስራም በስሙ እንዲታወቁ አልፈልግም)። ቦኖው ጋ ሰልፍ አለ፣ ቢጫ ጀሪካኖቹ ተደርድረዋል፣ የአህያ ጋሪ ሶስት አራት ቆሟል። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አዴ የምንላቸው ሴትዮ፣ ካርኒ እየቆረጡ ነበር። አምና እሳቸው ናቸው ቡና አፍልተው የሸኙን። ክላሰሩን አውጥቼ "አዴ፣ ውጤቱን ይዘን መጥተናል" ስላቸው ካርኒውን አስቀመጡት።

ምን ልበላችሁ፣ ብዙ ቦታ ፕሬዘንቴሽን አቅርቤ አውቃለሁ እንደዛ ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም። 30 ሰው የሚሆን ዛፍ ስር ተሰብስቦ ቁጥር እየጠበቀ ነው። የቦኖው ጉድጓድ 7.9። ወንዙ አጠገብ ያለው አሮጌው የእጅ ፓምፕ፣ ከቦኖው ሲሄዱ አምስት ደቂቃ እንኳን የማይሞላው፣ 1.2። ዝም ተባለ። ከዛ አንድ ወጣት "7 ምንድነው? ብዙ ነው ትንሽ ነው?" አለ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ልኩ 1.5 ነው፣ የእናንተ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው አልኩት። ወዲያው ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዱ ቦኖውን ልታዘጉብን ነው አለ፣ አንዷ እኔ ወንዝ ዳር ለሚጠጣ አልሄድም ጎርፍ ሲመጣ ይደፈርሳል አለች (ልክ ናት!)፣ አንዱ አባቴ ይሄን ውሃ ጠጥቶ 80 ዓመት ኖሯል አለ።

ጥርስ ሀኪሟ በጣም ጎበዝ ናት፣ ጭቅጭቁን አላቋረጠችም፣ ሲበርድ ጠብቃ "የማንን ጥርስ ልይ?" ብቻ አለች። መጀመሪያ ልጆቹ መጡ። ከዛ አንዲት ወጣት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ተጠጋች፣ ሀኪሟ ስታናግራት ነጠላው ዝቅ አለ፣ ጥርሷ ልክ እንደኔ ነው፣ ከኔም ይብሳል፣ ጫፉ ተሸራርፏል። እኔም የራሴን አሳየኋት። ሁለታችንም ዝም ብለን ተያየን። ከዛ ጀርባዋ ላይ ያዘለቻትን ልጅ አወረደችና "እሷስ? ለእሷ ይደርስላታል ወይ?" አለች። ልጅቷ ሁለት ዓመት አይሞላትም፣ አራት ነጫጭ የወተት ጥርስ አላት፣ ትስቃለች። ሀኪሟ ቁጭ ብላ ነው ያስረዳቻት፣ ቋሚዎቹ ጥርሶች አሁን ድድዋ ውስጥ እየተሰሩ ነው፣ እስከ ስምንት ዓመቷ ድረስ የምትጠጣው ውሃ ነው የሚወስነው፣ የኔና ያንቺ አይመለስም የእሷ ግን ይደርሳል፣ ከዛሬ ከጀመርሽ።

አንድ ጎረምሳ ደሞ የጥርስ ሳሙና ላይ ፍሎራይድ አለበት ይላል፣ ለጥርስ ጥሩ ነው አይደል እንዴ ብሎ ጠየቀ። መልሱ ቀላል ነው፣ ፍሎራይድ ትንሽ ሲሆን ጥርስን ከመቦርቦር ይከላከላል፣ ሳሙናውም ከላይ ተቀብቶ ይተፋል እንጂ አይዋጥም። እዚህ ግን በየቀኑ በሊትር ይዋጣል፣ በሻይ በወጥ በሽሮ ውስጥ ሁሉ ይገባል። ሽሮ ሲንተከተክ ስንት ውሃ እንደሚተን አስቡት።

መጨረሻ ላይ መፍትሄውን ያመጡት አዴ ናቸው። "እንዳንጣላ" አሉ፣ "የቦኖው ውሃ ለልብስ፣ ለገላ፣ ለከብት ይሁን። ለሚጠጣና ለሚበሰል ለአንድ ቤት አንድ ጀሪካን ከወንዙ ፓምፕ። ውሃ አጋር ይጨመርበት።" ያ የወንዙ ፓምፕ ውሃው ከጉራጌ ደጋ የሚወርደው የመቂ ወንዝ ስለሚያርሰው ነው ፍሎራይዱ ያነሰው፣ ግን ጥልቀት ስለሌለው ጀርም ሊገባው ይችላል፣ ስለዚህ ውሃ አጋር የሚባለው ክሎሪን ግዴታ ነው። አንድ ሰው ለመጠጥና ለማብሰል የሚፈልገው ውሃ በቀን ከሚጠቀመው ውስጥ ትንሹ ነው፣ ሁሉንም ውሃ ማጣራት አያስፈልግም ነበር እኮ። ይሄን እኛ ወረቀት ላይ ስንጽፈው አንድ ገጽ ይፈጃል።

ቀን 4፣ ሐሙስ። ባቱ

ዝዋይ፣ ማለቴ ባቱ፣ ገብተን አደርን። ደምበል ሀይቅ (የዝዋይ ሀይቅ የሚባለው) ዳር እምቦጩ ተዘርግቷል። ሀይቁ ሰፊ ነው ግን በአማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው፣ ዙሪያውን በሙሉ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ አበባ ነው፣ ሞተሮቹ ቀንና ሌሊት ይስባሉ። ጸረ ተባይ ኬሚካል በጀርባቸው አዝለው ያለ ጓንት ያለ ማስክ የሚረጩ ልጆች አየን፣ አንዱ ባዶውን የኬሚካል ጀሪካን ሀይቁ ውስጥ ሲያለቀልቅ አየሁትና አናገርኩት፣ "ካጠብኩት በኋላ ውሃ እቀዳበታለሁ" አለኝ። ሌላ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ። ከሰዓት ዝናብ ስለነበር ከአምስት ናሙና በላይ አልወሰድንም።

ቀን 5፣ አርብ። የተዘጋው ማጣሪያ

ከባቱ ወጣ ብሎ አንድ መንደር ውስጥ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ በሩ በሽቦ ታስሯል። ውስጡ ሁለት ትላልቅ ታንከር፣ አንዱ ውስጥ ጥቁር ፍርፋሪ ነገር ደርቆ ተጋግሯል። በእጄ ዘግኜ አየሁት፣ የከብት አጥንት ከሰል ነው። አጥንት በከፍተኛ ሙቀት አየር እንዳያገኝ ተደርጎ ሲከሰል፣ የሚቀረው ማዕድን ፍሎራይድ የመያዝ ጸባይ አለው፣ ያው የኛን አጥንት የሚይዘው እዚህ የሞተውን አጥንት ይይዘዋል ማለት ነው፣ ለኔ እንደሱ የሚገርም ሀሳብ የለም። የስዊዘርላንዱ የውሃ ምርምር ተቋም ኢዋግ ከሀገር ውስጥ ድርጅት ጋር ሆኖ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሞከረው ዘዴ ነው፣ ከህንድ የመጣው ናልጎንዳ የሚባለው ደግሞ አለ፣ አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ ውሃው ላይ በጥብጦ ማዝቀጥ ነው። ሁለቱም ይሰራሉ።

ታዲያ ለምን ተዘጋ? ጠባቂው ጋሼ ነገሩን። መጀመሪያ ላይ ሰው በአጥንቱ ተከራከረ፣ የምን አጥንት ነው፣ ማን ያረደው ነው፣ በጾም ይጠጣል ወይ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጥያቄ ነበረው፣ ሽማግሌዎችና የሀይማኖት አባቶች ቁጭ ብለው ተነጋግረው ተስማሙ። በጣም ደስ የሚል ስራ ነው የተሰራው። ከዛ ሁለት ዓመት ጠጡ። ከሰሉ ግን ለዘላለም አይሰራም፣ ሲሞላ ፍሎራይዱ ማለፍ ይጀምራል፣ መቀየር አለበት፣ መቼ እንደሞላ ደግሞ በአይን አይታይም ውሃው ያው ጥሩ ነው የሚመስለው። ፕሮጀክቱ አለቀ፣ መኪናዎቹ መምጣት አቆሙ፣ የሚለካ ሰው ጠፋ፣ ሰዎቹም "ይሰራ አይሰራ ካላወቅን ለምን ተጨማሪ ሳንቲም እንከፍላለን" ብለው ተዉት። ማን እንደሆነ መጥቀስ አልፈልግም፣ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም እንዲህ የሆነው።

እዚህ ጋ በጣም ተናደድኩ። ያ ሁሉ ምርምር፣ ያ ሁሉ የሽማግሌ ስብሰባ፣ በዓመት ሁለቴ የሚመጣ አንድ መለኪያ የያዘ ሰው አጥቶ ነው የቆመው። ጋሼ በሩን መልሰው በሽቦው ሲያስሩ "ቁልፍማ ነበረው፣ አሁን የሚሰረቅ ነገር ስለሌለው ነው" አሉ።

ቀን 6፣ ቅዳሜ። ሻላ፣ ከዛ መመለስ

በጠዋት ላንጋኖን በግራ ትተን አብያታና ሻላ ፓርክ ገባን። አብያታ እየሸሸ ነው፣ ድሮ ውሃ የነበረበት ነጭ ሜዳ ላይ መኪና ይሄዳል፣ ከደምበል በቡልቡላ ወንዝ ይመጣለት የነበረው ውሃ ለመስኖ ስለሚሳብ፣ ሶዳ አሽ የሚባለውን የፋብሪካ ኬሚካል ለማምረትም ከራሱ ከሀይቁ ሲወሰድ ስለቆየ። ሻላ ግን ጥልቅ ነው፣ 266 ሜትር ይደርሳል። ዳሩ ላይ ፍል ውሃው ይጨሳል፣ ሰው ቁጭ ብሎ እግሩን ይነክራል፣ በቆሎ ይቀቅላል። ሁለቱ ሀይቆች ውስጥ በሊትር ከ200 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ተለክቷል፣ መለኪያችን እንዲያነበው መቶ ጊዜ በንጹህ ውሃ ማቅጠን ነበረብን። ማንም አይጠጣውም እርግጥ። እኔ ግን ዳሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ይሄ ሁሉ ከስር የተያያዘ መሆኑን ነው፣ ያቺ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ የምትጠጣው ውሃና ይሄ ሰማያዊ ሀይቅ አንድ አለት ነው ያጠባቸው።

ስንመለስ መቂ ስንደርስ 10 ሰዓት ሆኗል። ሾፌራችን ሳልጠይቀው ወደ መንደሩ ታጠፈ።

የወንዙ ፓምፕ ጋ ሰልፍ አለ፣ ረጅም። ፓምፑ ላይ በነጭ ቀለም "ለመጠጥ" ተብሎ ተጽፏል በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ከስሩ ደግሞ አንድ ሰው 1.2 ብሎ ጨምሯል። ሁሉም ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ባለ ጋሪዎቹ ከእዛ ቀድተው ሩቅ ላሉት ቤቶች ሶስት እጥፍ መሸጥ ጀምረዋል አሉ፣ አዴ በጣም ተናደዋል፣ ኮሚቴው ዋጋ ሊቆርጥ ነው። ፓምፑም አሮጌ ነው፣ እንደዚህ ከተጎተተ ክረምቱን መዝለቁን እንጃ። ስለዚህ አዴ ከላይ በኩል አንድ የግል ጉድጓድ አለ፣ ባለቤቱ ፈቃደኛ ነው፣ ለኩልኝ አሉ።

ሄድን። ገመዱን ለቀን፣ የመጀመሪያውን ባልዲ ደፋን፣ ጠርሙሱን በራሱ ውሃ ሶስቴ አለቀለቅኩት፣ ሞላሁት፣ ክዳኑን አጠበቅኩ። ልጥፉ ላይ ሁልጊዜ የምጽፈውን ጻፍኩ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የጂፒኤስ ቁጥር። ከዛ አዴ ስልካቸውን እየነገሩኝ ከስሩ የእሳቸውን ቁጥር ጻፍኩበት፣ እሳቸውም ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለው አንድ በአንድ እያነበቡ ትክክል መሆኑን አረጋገጡ።